«አደራ፣ ማኅበር ውስጥ እንዳትገባ!»

ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ ወላጅ የሚያስይዘው ስንቅ ከቤት ቤት ይለያያል። አንዷ እናት በሶ ትቋጥራለች፣ ሌላዋ ዳቦ ቆሎና በርበሬ፤ አቅም ያለው ስልክና ላፕቶፕ ይጨምራል። ምክሩ ግን በየቤቱ አንድ ነው። «ትምህርትህን ብቻ ተማር። ማኅበር፣ ክበብ፣ ምናምን ውስጥ እንዳትገባ። አደራ!» የተማረውም ያልተማረውም፣ የከተማውም የገጠሩም ወላጅ እንዲህ ሲል ሰምቻለሁ። ልጁ ገና የሥነ ጽሑፍ ክበብ ይሁን የቀይ መስቀል ክበብ ምን እንደሚሠራ ሳያውቅ፣ ክበብ የሚባል ነገር ሰው የሚጠፋበት ገደል መሆኑን ተምሮ አውቶቡስ ላይ ይወጣል።

ይህ ምክር ከሰማይ አልወረደም። ታሪክ አለው፤ ያውም ደም የተቀላቀለበት። ምክሩን የሚሰጡትን ወላጆች ፈሪ ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ግን ፍትሕ አይደለም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ለመሆኑ እዚህ እንዴት ደረስን? ኢትዮጵያ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ክበብ ማለት መጀመሪያ ምን ነበር? መቼስ ነው የሚያስፈራ ቃል የሆነው? (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ናቸው።)

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አራት ኪሎ ላይ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ተማሪዎቹ ከመቶ አይበልጡም ነበር። ያስተዳድሩት የነበሩት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ዶክተር ሉሲየን ማት ናቸው። ተማሪዎቹ አዳሪዎች ነበሩ፤ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ከጎጃም፣ ከወለጋ፣ ከትግራይ፣ ከሐረር የመጣ ወጣት አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ገብቶ ማታ ምን ይሠራል? ያወራል፣ ይከራከራል፣ ይዘፍናል። ክበቦቹ የተወለዱት ከዚህ የማታ ሰዓት ነው። የክርክር ክበብ፣ የስፖርት ክበብ፣ ጋዜጣ የሚያዘጋጅ ቡድን፣ ከዚያም ተማሪውን የሚወክል ምክር ቤት ተቋቋመ።

ከእነዚህ ሁሉ ሰው የረሳው፣ እኔ ግን ደጋግሜ የማነሣው አንድ ክበብ አለ፤ የባህል ጥናት ክበቡ። በእንግሊዝኛው «ኢትኖሎጂካል ሶሳይቲ» ይባል ነበር። የኮሌጁ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ፣ ፖላንዳዊው ስታኒስላው ሆይናትስኪ ከጀርባው ነበሩ። የክበቡ ሥራ ለመናገር ቀላል ነው። ተማሪው ለክረምት ወደ አገሩ ሲሄድ እንዲያው ጠላ ሲጠጣ ከርሞ አይመለስም። «በእናንተ አገር ሰው እንዴት ይድራል? ልጅ ሲወለድ ምን ይደረጋል? ሙት እንዴት ይቀበራል?» ብሎ ሽማግሌ ጠይቆ፣ ጽፎ ይመጣል። ያመጣውንም ለጓደኞቹ ያነባል፤ እነሱም በጥያቄ ያፋጥጡታል። ጽሑፎቹ ከ1945 ገደማ ጀምሮ እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ በክበቡ መጽሔት እየታተሙ ወጡ፤ በ1990ዎቹም አሉላ ፓንክረስት አሰናድተዋቸው በአንድ ጥራዝ እንደገና ለንባብ በቅተዋል።

ነገሩን አስቡት። በዚያ ዘመን ስለ ኢትዮጵያ ሕዝቦች የሚጻፈው በአብዛኛው በውጭ አገር ሰው እጅ ነበር። እዚህ ግን ሃያ ዓመት ያልሞላው ወይም ገና ያለፈው ልጅ፣ የገዛ አያቱን ጠይቆ፣ የገዛ አገሩን ለሌላ አገር ልጅ ያስረዳል። የጉራጌው ልጅ የትግሬውን ሠርግ ያዳምጣል፣ የትግሬው የወለጋውን ለቅሶ ይማራል። ማንም ማንንም ለማሸነፍ አልመጣም። የክበቡ ጥረት ወረቀት ላይ ብቻም አልቀረም። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲመሠረት ሪቻርድ ፓንክረስት ዳይሬክተር፣ ሆይናትስኪ ደግሞ የቤተ መጻሕፍቱና የሙዚየሙ ኃላፊ ሆኑ። ስድስት ኪሎ፣ የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ገብቶ የንጉሠ ነገሥቱን መኝታና መታጠቢያ ቤት ያየ ጎብኚ፣ በዚያው ሙዚየም ያሉትን የባህል ዕቃዎችም ማየቱ አይቀርም። የዚያ ስብስብ አንዱ መነሻ ያ የተማሪዎች ክበብ ነው። አንድ ክበብ ሙዚየም ወለደ ማለት እኮ ነው!

ሌላው መድረክ ግጥም ነበር። ኮሌጁ በየዓመቱ በሚያከብረው የኮሌጅ ቀን ተማሪዎች ግጥም ያነቡ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተገኝተው ያዳምጡ ነበር። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተሰኘ ግጥሙን አነበበ። ርእሱ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ከዚያ ወዲህ የኮሌጅ ቀን የምርቃትና የውዳሴ ቀን መሆኑ አበቃ። በቀጣዩ ዓመት የግጥሙ ነገር ተማሪ እስከ መታገድ አደረሰ፤ ብዙም ሳይቆይ የአዳሪነቱ ሥርዓት ቀረ። አስተዳደሩ ተማሪውን ከግቢ በማስወጣት የማታ ወሬውን የበተነ ሳይመስለው አልቀረም። ወሬው ግን በየኪራይ ቤቱ ገብቶ ከተማውን አዳረሰ።

ለምን በዚያ ሰዓት? ሁለት ነገሮች ተገጣጥመው ነበር። አንደኛው በ1950 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ለአፍሪካ ወጣቶች የሰጡት የትምህርት ዕድል ነው። ከኬንያ፣ ከታንጋኒካ፣ ከናይጄሪያ የመጡ ተማሪዎች በየአገራቸው የነጻነት ትግል የተፈተኑ ነበሩና የኢትዮጵያውያን ጓደኞቻቸው ዝምታ ይገርማቸው ነበር። ሁለተኛው የታኅሣሥ 1953ቱ የመንግሥቱና የገርማሜ ንዋይ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ነው። የኮሌጁ ተማሪዎች ለሙከራው ድጋፍ አደባባይ ወጡ። ሙከራው ከሸፈ፤ መሪዎቹ ሞቱ። ተማሪው ግን አደባባይ መውጣትን ለመደ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አብዛኛው አንባቢ ያውቀዋልና በአጭሩ ልለፈው። የካቲት 18 ቀን 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ!» እያሉ ወደ ፓርላማ ተጓዙ። በ1958 ዓ.ም. ሾላ ውስጥ ታጉረው የነበሩ ለማኞችን ሁኔታ አይተው «ድህነት ወንጀል ነው ወይ?» ብለው ጠየቁ። በ1960 ዓ.ም. በራስ መኮንን አዳራሽ የተዘጋጀ የፋሽን ትርኢት ሁከት አስነሣ። በ1957 የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደግሞ ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ልኮ፣ በመጽሐፍ ያነበበውን ጭሰኛ በዓይኑ አሳየው።

ቆም ብዬ ማየት የምፈልገው ግን ሰልፉን አይደለም፤ ምርጫውን ነው። ከአደባባዩ ጩኸት በስተጀርባ የአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር በየዓመቱ ፕሬዚዳንት ይመርጥ ነበር። ዕጩዎች ይቀርባሉ፣ ንግግር ያደርጋሉ፣ በጥያቄ ይወጠራሉ፣ ድምፅ ይቆጠራል። በ1961 የትምህርት ዘመን ጥላሁን ግዛው ተወዳደረ፤ ለዘብተኛ ይባል በነበረው በመኮንን ቢሻው ተሸነፈ። ተሸንፎም ሌላ ማኅበር አላቋቋመም። ጊዜውን ጠብቆ በ1962 መጀመሪያ እንደገና ተወዳደረና አሸነፈ።

ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። በዚያን ጊዜ ግን በኢትዮጵያ ምድር የፖለቲካ ፓርቲ የሚባል አልነበረም። የፓርላማ ምርጫ ቢኖርም ዕጩው የሚወዳደረው በግሉ፣ በርስቱና በዝናው ነበር። በሐሳብ ልዩነት ተወዳድሮ፣ ተሸንፎ፣ በዓመቱ ተመልሶ የሚያሸንፍበት ቦታ ቢኖር አንዱ የተማሪዎች ማኅበር ነው። ከቤተ መንግሥት ጋር በጋብቻ የተሳሰረ ቤተሰብ ልጅ የሆነው ጥላሁን፣ በትውልዱ ሳይሆን በድምፅ ቆጠራ መሪ የሆነው እዚያ ነው።

የሆነው ግን ሌላ ነው። ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንን የብሔረሰቦችን ጥያቄ በተመለከተ የጻፈው ጽሑፍ «ስትራግል» በተባለው የማኅበሩ መጽሔት ወጣ። በ1940ዎቹ «ሕዝባችን እንዴት ይጋባል? እንዴት ይቀበራል?» እያለ ይጠይቅ የነበረው ግቢ፣ አሁን «ማን ማንን ይገዛል?» ማለት ጀመረ። ስድስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ማታ፣ ጥላሁን በጥይት ተመትቶ ሞተ። በማግሥቱ ተማሪዎች አስከሬኑን ስድስት ኪሎ አምጥተው ሊሸኙት ሲሰበሰቡ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ግቢውን ጥሰው ገቡ፤ ብዙ ተማሪ ሞተ፣ ቆሰለ፣ ታሰረ። «ማኅበር ውስጥ እንዳትገባ» የሚለው ምክር የተጻፈበትን ቀን ፈልጉ ብባል፣ እኔ ያን ቀን አሳያለሁ። ከዚያ በኋላ የማኅበር ፕሬዚዳንት መሆን ማለት በየእናቱ ጆሮ ውስጥ የጥላሁን እጣ ማለት ሆነ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ገዳይና ተገዳይ የለየለት ታሪክ በሆነ። ግን አላበቃም። በውጭ አገር የነበሩት ተማሪዎችም ማኅበር ነበራቸው። የሰሜን አሜሪካው በ1940ዎቹ አጋማሽ፣ የአውሮፓውም ከዚያ ተከትሎ ተቋቁመው በየዓመቱ ጉባኤ ይጠሩ፣ መጽሔት ያሳትሙ ነበር። መኢሶን በ1960፣ በኋላ ኢሕአፓ የሆነው ድርጅት ደግሞ በ1964 ዓ.ም. ሁለቱም ጀርመን አገር ሲመሠረቱ መሥራቾቻቸው የእነዚሁ ማኅበራት ልጆች ናቸው። በ1963 ክረምት ሎስ አንጀለስ የተካሄደው የሰሜን አሜሪካው ማኅበር ጉባኤ ለሁለት ተከፈለ። ከዚያ ወዲህ የተሸነፈ ሰው ዓመቱን ጠብቆ እንደገና መወዳደሩን ተወ። የራሱን ማኅበር፣ የራሱን መጽሔት ይዞ ወጣ፤ ትናንት ጓዴ ያለውንም «አድርባይ»፣ «ከሃዲ» ይለው ጀመር።

በ1969 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ኢሕአፓ የመኢሶንን ሰዎች በየመንገዱ ተኩሶ ጣለ። መኢሶን ከደርግ ጎን ቆሞ ኢሕአፓን በአሰሳ አስለቀመ። ነሐሴ ላይ ደግሞ የመኢሶን ተራ ደረሰ። በአንድ ጉባኤ ላይ እጅ እያወጡ ሲከራከሩ የነበሩ ሰዎች፣ በስድስት ዓመት ውስጥ እጅ ለእጅ ሳይሆን መሣሪያ ለመሣሪያ ተያዩ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው «አየህ! ማኅበር የሚያመጣው ይህን ነው» የሚለው። እኔ ግን ታሪኩን ገልብጬ ነው የማነበው። ያጠፋቸው ማኅበርተኛ መሆናቸው አይመስለኝም። ማኅበር የሚያስተምረውን ዋናውን ትምህርት፣ ተሸንፎ በአንድ ጣሪያ ሥር መቀመጥን፣ መተዋቸው ነው። የክርክር ክበብ ደንብ ለተቃዋሚህ ካንተ እኩል ደቂቃ ይሰጣል። ያ ደንብ ሲቀር ክርክሩ ወዴት እንደሚሄድ አየነው።

ደርግ ታኅሣሥ 1967 ላይ ዩኒቨርሲቲውን ዘግቶ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ላከ። ሲመለሱ የቀድሞው ማኅበር አልነበረም። ኋላም በ1972 ዓ.ም. የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር፣ አኢወማ፣ ከላይ ወደ ታች ተዘረጋ። አኢወማ ስብሰባ ነበረው፣ መዝሙር ነበረው፣ ጭብጨባ ነበረው፤ ምርጫ ግን አልነበረውም። አንድ ትውልድ ሙሉ «ማኅበር» ማለት ስም የሚጠራበት፣ መቅረት የሚያስጠይቅበት ቦታ ነው ብሎ አደገ። ስለዚህ ወላጅ ሁለት ዓይነት ፍርሃት ወረሰ፤ ከ1962 የሞትን፣ ከአኢወማ የመሰልቸትን።

ከ1983 በኋላስ? ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ ኤርትራ ሪፈረንደም ሰልፍ ሲወጡ ተተኮሰባቸው፤ በዚያው ዓመት ከ40 በላይ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ተባረሩ። ሚያዝያ 1993 ላይ ደግሞ ተማሪዎቹ የጠየቁት ነገር ሥልጣን አልነበረም። ጋዜጣችንን እናሳትም፣ ማኅበራችን ነጻ ይሁን፣ ፖሊስ ከግቢያችን ይውጣ ነበር ያሉት። መልሱ ከተማውን አናወጠ፤ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ከ30 በላይ ሰዎች መሞታቸውን መዘገቡ። የአንድ ተማሪ ጋዜጣ ዋጋ ይህ ሆነ። ዛሬ ልጆቻቸውን ከሚሸኙት ወላጆች ብዙዎቹ የዚያን ጊዜ ተማሪዎች ናቸው። ምክራቸውን ከአያት የወረሱት ብቻ አይደለም፤ በዓይናቸው ያዩትም አለበት።

ታዲያ ክበቡ ጠፋ? አልጠፋም፤ ተለወጠ እንጂ። በ1990ዎቹ ፀረ ኤድስ ክበብ የሌለው ግቢ አልነበረም። ብዙዎቹ በቅንነት ሠርተዋል፤ አንዳንዶቹ ግን ካናቴራ ሲታደልና አበል ሲከፈል ብቻ አባላቸው የሚቆጠር፣ ማኅተም እንጂ ሥራ የሌላቸው ነበሩ። እውነተኛው የመሰብሰብ ፍላጎት ወደ ሌላ ቦታ ሄደ። በ1983 ዓ.ም. ለወታደራዊ ሥልጠና ብላቴ የተላኩ ተማሪዎች በጀመሩት ጉዞ ማኅበረ ቅዱሳን በ1984 ተቋቋመ፤ በየዩኒቨርሲቲው ያሉ ግቢ ጉባኤያትም ዛሬ እጅግ ብዙ ተማሪ ይሰበስባሉ። የወንጌላውያኑም የሙስሊሙም ተማሪዎች እንዲሁ የየራሳቸው መሰባሰቢያ አላቸው። ከነዚህ ጎን ለጎን ደግሞ የአካባቢና የብሔር መሰባሰቢያው አለ፤ አንዳንዱ በግልጽ፣ አንዳንዱ በዶርም ውስጥ።

በዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም። ሰው የሚመስለውን ፈልጎ ቢጠጋ ምን ይደንቃል? ከሩቅ አገር የመጣ ልጅ ሲታመም አጥሚት የሚያመጣለት፣ ሲቸግረው የሚያዋጣለት የአገሩ ልጅ ወይም የሃይማኖቱ ወንድም ነው። የሚያሳስበኝ ከነሱ ሌላ ሳይኖር ሲቀር ነው። የሚመስለውን ብቻ የሚያገኝበት ቦታ ሞልቶ፣ የማይመስለውን የሚያገኝበት ቦታ ከጠፋ ግቢው ምን ይሆናል? በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት አየነው። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ተገደሉ፤ እሳቱ ወደ ሌሎችም ግቢዎች ተዛምቶ ልጆች ሻንጣቸውን ሳይዙ ሸሹ፤ ወላጅ በየመነኻሪያው ልጁን ፍለጋ ተንከራተተ።

ምክራችን የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። የዚያን ጊዜ የሞቱትም የሸሹትም ልጆች አደጋ ላይ የወደቁት ማኅበር ውስጥ ስለ ገቡ አልነበረም። ትምህርታቸውን ብቻ ይማሩ የነበሩም ጭምር፣ በተወለዱበት ቦታና በሚናገሩት ቋንቋ ነው የተለዩት። «ከምንም ነገር ራቅ» የተባለ ልጅ ከአደጋ አልራቀም። የራቀው ከጎረቤቱ ዶርም ልጅ ነው። አብሮት ጋዜጣ አላዘጋጀም፣ አብሮት ድራማ አልሠራም፣ ተከራክሮት አልተሸነፈለትም። ክፉ ቀን ሲመጣ «ይሄን ልጅ አውቀዋለሁ፣ አትንኩት!» የሚል ሰው ከየት ይምጣለት?

የ1940ዎቹን የባህል ጥናት ክበብ ደጋግሜ የማነሣውም ለዚህ ነው። ያ ክበብ ልዩነትን አልደበቀም፤ እንዲያውም ሥራው ልዩነትን መጻፍ ነበር። ግን ልዩነቱን ባለቤቱ ራሱ እንዲናገር፣ ሌላው ደግሞ ቁጭ ብሎ እንዲያዳምጥ አደረገ። ዛሬ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉን፤ የሶማሌው ልጅ ጎንደር፣ የጎጃሙ ልጅ ጅማ ይመደባል። ለዚያ ክበብ የዛሬን ያህል የተመቸ ዘመን አልነበረም። ወጪውም ደብተር፣ ስክሪፕቶና አንድ ክፍል ነው። በየስልኩ መቅረጫ አለ፤ ለክረምት አገሩ የሚሄድ ልጅ አያቱን መጠየቅ አይከብደውም።

ስለዚህ ለወላጆች የምለው አለኝ። ልጃችሁን «አትግባ» ከምትሉት «የምትገባበትን እየው» በሉት። መሪውን በምርጫ ነው የሚሾመው? የተሸነፈው ዕጩ አባል ሆኖ ይቀጥላል ወይስ ይባረራል? የመዋጮው ሒሳብ በአባላት ፊት ይነበባል? ካንተ የተለየ ሐሳብ ያለው፣ ካንተ የተለየ ቋንቋ የሚናገር ሰው እዚያ አለ? የአራቱም መልስ ጥሩ ከሆነ ይግባ፤ ቃለ ጉባኤ ይጻፍ፣ ገንዘብ ይያዝ፣ ተወዳድሮም ይሸነፍ። በሃያ ዓመቱ በክበብ ፕሬዚዳንትነት ተሸንፎ ያሸነፈውን የጨበጠ ሰው፣ በአርባ ዓመቱ በቀበሌም በፓርላማም ሲሸነፍ ጫካ አይታየውም። መልሱ መጥፎ ከሆነ ደግሞ ይውጣ፤ ስሙ የሃይማኖትም ይሁን የልማት፣ ማኅተሙም ያማረ ቢሆን።

ለዩኒቨርሲቲዎቹ አስተዳዳሪዎችም አንድ ቃል። የተማሪ ጋዜጣ ሲዘጋ ግቢው ጸጥ ያለ ሊመስላችሁ ይችላል። በ1950ዎቹ የአዳሪነቱን ሥርዓት ያስቀሩትም እንዲሁ ሳይመስላቸው አልቀረም። ስድብም ቢኖርበት ጋዜጣው ይታተም፤ መልስ የሚጽፍ ሌላ ተማሪ አይጠፋም። ክበቦቹም ለበዓልና ለእንግዳ መቀበያ ብቻ ሲፈለጉ የሚጠሩ አይሁኑ፤ ቁልፍ ያለው ክፍል ስጧቸው፣ ምርጫቸው ውስጥ ግን እጃችሁን አታስገቡ።